ሳናውቀው ያዘነበለ ፍርድ

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ለዚህ ዕትም ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠናል። አንዷ ስለ ፈተና እርማት፣ ሁለተኛው ስለ ሽምግልና፣ ሦስተኛው ስለ ሱቅ ኪራይ፣ አራተኛው ስለ ሠራተኛ ቅጥር ይጠይቃሉ። የአራቱም ጭንቀት ግን አንድ ነው፤ በቅንነት ለመፍረድ የተነሣ ሰው ፍርዱ ሳያውቀው ወደ አንድ ወገን እንዴት ሊያዘነብል ይችላል? ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥተን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ተማሪዎቼ የጻፉትን ድርሰት አርሜ ከመለስኩ በኋላ አንድ ወላጅ አቤቱታ ስላቀረቡ፣ የትምህርት ክፍሉ ወረቀቶቹን ተማሪዎቹን ለማያውቅ ሌላ መምህር ሰጥቶ በድጋሚ አሳረማቸው። በክፍል ውስጥ ይረብሻሉ ከምላቸው ተማሪዎች የአብዛኞቹ ውጤት ከፍ አለ፤ የጸጥተኞቹና የታታሪዎቹ ግን ባለበት ቆየ ወይም በጥቂቱ ዝቅ አለ። ለማንም ለማዳላት አስቤ አላውቅም። ለመሆኑ አድልዎ ማለት ምን ማለት ነው? ሳያስቡትስ ሊፈጸም ይችላልን?

መልስ፦ ውድ መምህርታችን፣ ከጥያቄዎ ሁለተኛውን እናስቀድም። አዎን፣ ሳያስቡት ይፈጸማል፤ ለማስተዋል አስቸጋሪ የሚሆነውም ሳይታሰብ የሚፈጸመው ነው። ሰው ለዘመዱ ወይም ለጥቅሙ ሲል አውቆ የአንዱን ሐቅ ለሌላው ቢሰጥ ሕግም ኅሊናም ያውቁታል፣ አድራጊውም ራሱ ያውቀዋል። እርስዎን የገጠመዎት ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሥነ ልቦና ሊቃውንት የአስተሳሰብ ዝንፈት የሚሉት ይህ ነገር፣ አእምሯችን በጥቂት መረጃ ላይ ተመሥርቶ ፈጥኖ ለመወሰን በለመዳቸው አቋራጮች ምክንያት፣ ፍርዳችን ደጋግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ማጋደሉ ነው። ማንኛውም ሰው ይሳሳታል፤ ዝንፈት የምንለው ግን የሚደጋገመውንና አቅጣጫ ያለውን ስሕተት ነው።

በአሸዋ ገበያ የሚነግድ አንድ ባለሱቅ ሚዛኑ ተዛብቶበት፣ ሳያውቅ ከእያንዳንዱ ኪሎ 50 ግራም እያጎደለ ቢሸጥ ሰውየውን ሌባ ልንለው አንችልም፤ ደንበኞቹ ግን በየቀኑ ይጎዳሉ። ሚዛኑ አንዴ የሚያጎድል፣ አንዴ የሚያተርፍ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ በጊዜ ብዛት በተቻቻለ ነበር፤ ዘወትር የሚያጎድል ከሆነ ግን በተደመረ ቁጥር ያድጋል። ከሁሉም የሚከፋው፣ ባለሱቁ ተጠራጥሮ ያንኑ ስኳር በዚያው ሚዛን ደግሞ ቢመዝነው መልሶ ያንኑ ቁጥር ማግኘቱ ነው። ጉድለቱን ሊያሳየው የሚችለው ሌላ ሚዛን ብቻ ነው። የባልደረባዎ እርማት ያንን ሥራ ሠርቶልዎታል። የእርሱ እርማት ፍጹም ትክክል ነው ማለታችን አይደለም፤ እርሱም የራሱ ማጋደል አያጣም። ልዩነቱ ግን እንዲያው የተበታተነ ሳይሆን በሚረብሹትና በጸጥተኞቹ መካከል በግልጽ የተከፈለ መሆኑ፣ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ሌላ አንድ ነገር በእርስዎ እርማት ውስጥ መግባቱን ያሳያል።

ያ ነገር ምን እንደሆነ ከተጠና መቶ ዓመት አልፎታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ጽሑፍ፣ የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ምዘና መርምሮ ነበር። መኮንኖቹ የእያንዳንዱን ሰው አካላዊ ብቃት፣ የማሰብ ችሎታ፣ የመሪነት ብቃትና ጠባይ ለየብቻው እንዲመዝኑ ተጠይቀው ሳለ፣ ውጤቶቹ ሊሆን ከሚገባው በላይ እርስ በርሳቸው ተቆራኝተው ተገኙ። በአንዱ የተመሰገነ በሌላውም ይመሰገናል፤ በአንዱ የተነቀፈ በሁሉም ይነቀፋል። ስለ ሰውየው በጥቅሉ ያለን ስሜት ለየብቻ ሊመዘኑ የሚገባቸውን ነገሮች ሁሉ ያቀልማቸዋል ማለት ነው።

በእርማት ጊዜ ይህ የሚሆነው በግልጽ ስሕተት ወይም በግልጽ ትክክል በሆነው መልስ ላይ አይደለም። እውነት ወይም ሐሰት በሚባልበት ጥያቄ የአራሚው ስሜት የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው። ድርሰት ግን አሻሚ ዓረፍተ ነገር የሞላበት ነው። ያልተሟላ ሐሳብ ከታታሪዋ ተማሪ ወረቀት ላይ ሲገኝ “ልትል የፈለገችው ገብቶኛል” ተብሎ ይታለፋል፤ ያው ሐሳብ ከሚረብሸው ልጅ ወረቀት ላይ ሲገኝ “አልተዘጋጀም” ተብሎ ነጥብ ይቆረጥበታል። መምህሩ ሁለቱንም ጊዜ በሐቅ ያረመ ይመስለዋል፤ ለእያንዳንዱ ውሳኔም ምክንያት አለው። ችግሩ ምክንያቱ ከስሙ በኋላ መምጣቱ ነው።

እንግዲህ “ከእንግዲህ እጠነቀቃለሁ” ብለው ለራስዎ ቃል ቢገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚህ ላይ ብዙ ተስፋ እንዲጥሉ አንመክርም። ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ያለበትን ክፍል ወረቀት ማታ ደክሞ የሚያርም መምህር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ራሱን ሊጠብቅ አይችልም። የሚሻለው ስሙን ከዓይን ማራቅ ነው። ተማሪዎቹ ስማቸውን ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፉ፣ ወይም የክፍል አለቃው ቁጥር ይስጣቸው። የመጀመሪያውን ወረቀት ከመክፈትዎ በፊት ለሐሳብ አደረጃጀት፣ ለሰዋስው፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለቃላት ምርጫ የሚሰጠውን ነጥብ በጽሑፍ ይወስኑ። ፈተናው ብዙ ጥያቄ ካለው የሁሉንም ተማሪዎች የመጀመሪያ መልስ አርመው ሲጨርሱ ወደ ሁለተኛው ይለፉ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው መልስ ማማር ወይም ማስቀየም የሚቀጥሉትን ተከትሎ ይሄዳል። ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ሲሻገሩም የወረቀቶቹን ቅደም ተከተል ያዟዙሩ፤ እጅግ ካማረ ድርሰት ቀጥሎ የሚነበብ መካከለኛ ድርሰት ከሚገባው በታች ሆኖ ይታያልና። የእጅ ጽሑፍን መደበቅ አይቻልም፤ ተማሪዎቹን ለወራት ያስተማረ መምህር ጽሕፈታቸውን ያውቃል። ስለዚህ ቢያንስ የማጠቃለያ ፈተናውን ከሌላ ክፍል መምህር ጋር ተለዋውጦ ማረም ከሁሉ የተሻለ ነው። የትምህርት ክፍልዎ ይህን ቋሚ ሥርዓት ቢያደርገው ወላጅ አቤቱታ እስኪያቀርብ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

ጥያቄ፦ በሐረር፣ ጀጎል ውስጥ የምኖር አዛውንት ነኝ። ጎረቤቶች ሲጣሉ ለእርቅ ከሚጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ። በቅርቡ ከአንድ ቤት ጣሪያ የሚወርድ ውኃ የጎረቤቱን የድንጋይ ግንብ አበላሽቶ ነገሩ ወደ እኛ መጣ። ባለ ግንቡ ከእርቁ ቀን በፊት ቤቴ ድረስ መጥቶ ሁኔታውን አስረዳኝ፤ የጠየቀውም ካሳ 90,000 ብር ነበር። በእርቁ ዕለት ሌላኛው ሲናገር የሚለው ሁሉ ሰበብ መስሎ ተሰማኝ። ተመካክረን 60,000 ብር እንዲከፍል ወሰንን፤ ሁለቱም ተቀበሉ። ከቆየ በኋላ ግንቡን ያየ አንድ ግንበኛ በ35,000 ብር ይሠራል አለ። ከማንም አልተቀበልኩም፣ ማንንም ለመጥቀም አላሰብኩም፤ ይሁን እንጂ በፈጣሪ ፊት ያስጠይቀኛል ብዬ እጨነቃለሁ። ምን ሆነን ነው እንዲህ የፈረድነው?

መልስ፦ የተከበሩ አባታችን፣ ጭንቀትዎ ለሐቅ ያለዎትን ክብር ያሳያል፤ እኛም በዚያው ክብር እንመልስልዎታለን። በፍርዳችሁ ላይ ሁለት ነገሮች የተጫኑበት ይመስለናል፤ አስቀድሞ የተሰማው ታሪክና አስቀድሞ የተጠራው ቁጥር።

ከታሪኩ እንጀምር። በመደበኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ከተከራካሪዎቹ አንዱ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ከሆነ ከችሎቱ መነሣት አለበት፤ አንዱን ወገን ለብቻው ቤቱ ጠርቶ ማነጋገርም አይፈቀድለትም። ሽምግልና ግን በዚህ መንገድ ሊሠራ አይችልም። ሰው ሁሉ በጉርብትና፣ በጋብቻና በአፎቻ (በሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) በተሳሰረበት በጀጎል ውስጥ የማይተዋወቅ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ቢገኝስ ማን ይሰማዋል? የሽማግሌ ሥልጣን የሚመነጨው ከመታወቁ ነው። ስለዚህ መተዋወቁን ማስቀረት አይቻልም፤ አስቀድሞ ለብቻ መስማትን ግን ማስቀረት ይቻላል።

ባለ ግንቡ ቤትዎ መጥቶ ሲያስረዳዎት ምናልባት አንድም ውሸት አልተናገረም። ነገር ግን ከሄደ በኋላ በአእምሮዎ ውስጥ የተሟላ ታሪክ ቀርቷል፤ በዳይ አለ፣ ተበዳይ አለ፣ የደረሰ ጉዳት አለ። ሌላኛው በእርቁ ዕለት ሲናገር ያገኘው ባዶ ቦታ ሳይሆን በሌላ ሰው ታሪክ የተያዘ ቦታ ነው። “ግንቡ ድሮም ስንጥቅ ነበረው” ቢል በራሱ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነበር፤ ቀድሞ ለሰማ ጆሮ ግን ማምለጫ ይመስላል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ. በ1620 ይህንኑ ጽፎ ነበር፤ የሰው አእምሮ አንድን ሐሳብ አንዴ ከተቀበለ በኋላ ሌላውን ሁሉ ለዚያ ድጋፍ እንዲሆን ይጎትታል፣ የሚቃረነውን ማስረጃ ብዛት ቢኖረው እንኳ ቸል ይለዋል።

የቁጥሩ ነገር ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ0 እስከ 100 የተጻፈበት መንኮራኩር በሰዎች ፊት እንዲሽከረከር አደረጉ፤ መንኮራኩሩ ሆን ተብሎ በ10 ወይም በ65 ላይ ብቻ እንዲቆም የተሠራ ነበር። ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ካሉት አገሮች ከመቶ ስንቱ የአፍሪካ እንደሆኑ እንዲገምቱ ተጠየቁ። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25፣ 65 የወጣላቸው ደግሞ 45 ሆነ። መንኮራኩሩ ስለ አፍሪካ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ሁሉም ይረዳል፤ ነገር ግን የተጠራው ቁጥር ግምታቸውን ወደ ራሱ ሳበው። ካነማን በዚህ ዘርፍ በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ይህ በተራ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ የጀርመን ጥናት የሕግ ባለሙያዎች ከሱቅ ዕቃ ስለሰረቀች አንዲት ሴት የሚገልጽ መዝገብ ቀርቦላቸው፣ የዐቃቤ ሕጉን የቅጣት ጥያቄ ዳይስ (ቁጥር ያለበት የዕጣ ጠጠር) በመጣል እንዲወስኑ ተደረገ። ዳይሶቹ ድምራቸው 3 ወይም 9 ብቻ እንዲሆን ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። ቁጥሩ የመጣው ከዕጣ መሆኑን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ይሁንና 3 የወጣላቸው በአማካይ 5 ወር ገደማ፣ 9 የወጣላቸው ደግሞ 8 ወር ገደማ ቅጣት ወሰኑ።

ወደ ግንቡ እንመለስ። ከ90,000 ወደ 60,000 ስታወርዱ ከጥያቄው ሲሶውን ቀንሳችሁለታልና ለከፋዩ የራራችሁለት ሳይመስላችሁ አይቀርም። ነገር ግን የቀነሳችሁት ከምንም ተነሥታችሁ ሳይሆን ከባለ ግንቡ ቁጥር ተነሥታችሁ ነው። ማንም ቁጥር ሳይጠራ ግንበኛው አስቀድሞ ገብቶ 35,000 ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ ተነሥታችሁ ስለ እንግልቱ ጥቂት ትጨምሩ ነበር እንጂ እስከ 60,000 የምትደርሱ አይመስለንም።

“ይህን ሁሉ ካወቅን ወደፊት ገለልተኛ ለመሆን እንጠንቀቅ” ማለት ይቀናል። በዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ጥናት አለ። ቻርልስ ሎርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት፣ ስለ ሞት ቅጣት ጠንካራ አቋም ያላቸው ሰዎች ስለ ቅጣቱ ጥቅም የተጻፉ ማስረጃዎችን እንዲገመግሙ ተደረገ። ከእነርሱ ለአንዳንዶቹ በተቻለ መጠን ሚዛናዊና ገለልተኛ ሁኑ ተባሉ፤ ይህ ምክር አልረዳቸውም። ለሌሎቹ ደግሞ “ይኸው ጥናት ተቃራኒውን ውጤት ቢያሳይ ኖሮ እንዲሁ ትመዝኑት ነበርን?” ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ ተነገራቸው፤ እነዚህ ማጋደላቸው ቀነሰ። ሚዛናዊ ሁን የሚለው ምክር ሰውን ምን እንዲያደርግ አይነግረውም፤ ሁላችንም አስቀድመን ሚዛናዊ ነን ብለን እናምናለንና። ጥያቄው ግን ሥራ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ለሽማግሌዎች የምንመክረው የጠባይ ለውጥ ሳይሆን የሥርዓት ለውጥ ነው። ባለ ጉዳይ ቤትዎ ሲመጣ በክብር ይቀበሉት፣ ሻይም ቡናም ያቅርቡለት፤ ስለ ነገሩ ግን “ወንድምህ ባለበት እንስማህ” ይበሉት። ካሳ የሚጠየቅበት ጉዳይ ከሆነ ማንም ቁጥር ከመጥራቱ በፊት ጉዳቱ በዝርዝር ይነገር፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰውም ሄዶ ይየው። እያንዳንዱ ሽማግሌ ምክክሩ ሳይጀመር የራሱን ግምት በቁራጭ ወረቀት ይጻፍ ወይም ለጸሐፊ በጆሮው ይንገር። በባህላችን ንግግር በታላቁ መጀመሩ የአክብሮት ነው፤ ዳሩ ግን ታላቁ አስተያየቱን አስቀድሞ ከሰጠ ታናናሾቹ ያንኑ ይደግማሉ፤ አምስት ሰው የፈረደ ይመስላል እንጂ የፈረደው አንድ ሰው ነው። ዱዓውን ታላቁ ይክፈት፣ አስተያየቱን ግን ታናሹ ይጀምር። በመጨረሻም “ውኃው ከባለ ግንቡ ጣሪያ ወደ ሌላኛው ቤት የወረደ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እንፈርድ ነበርን?” ተብሎ ይጠየቅ።

ስላለፈው ውሳኔም ዝም እንዲሉ አንመክርዎትም። እርቅ የቆመው በሁለቱ ፈቃድ ነውና በፈቃዳቸው ሊስተካከል ይችላል። ባልንጀሮችዎን ሰብስበው የግንበኛውን ግምት ይንገሯቸው፤ ከዚያም ባለ ግንቡን ለብቻው ሳይሆን ሁለቱንም አንድ ላይ ጠርታችሁ አስረዷቸው። ትርፉን የመመለሱ ነገር የእነርሱ ነው፤ ሳያውቁት እንዲቀር ማድረግ ግን የሽማግሌ ድርሻ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ሱቅ በርካሽ ኪራይ አግኝቻለሁ። አባቴ የ1998ቱን ጎርፍ ያዩ ናቸው፤ የደቻቱ ስም ሲነሣ መስማት እንኳ አይፈልጉም። በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን የነበረው ወንድሜ ደግሞ “ይህ ሱቅ ስንት ዓመት ሙሉ ውኃ አልገባውም፣ ፍርሃት ነው” ይላል። ከሁለቱ ፍርዱ ያዘነበለው የማን ነው?

መልስ፦ የሁለቱም ያዘነበለ ነው፤ ነገር ግን እኩል አይደለም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፣ ሺዎችም ቤት አልባ ሆነዋል። ያንን ሌሊት ያየ ሰው ስለ ጎርፍ ሲጠየቅ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ አይቆጥርም፤ ያየው ይመጣበታል። አንድ አደጋ በቀላሉ ትዝ ስላለን ብቻ ደጋግሞ የሚከሰት ይመስለናል፤ ይህም ከላይ የጠቀስናቸው ትቨርስኪና ካነማን በዚያው በ1974ቱ ጥናታቸው ከገለጿቸው አቋራጮች አንዱ ነው። ወንድምዎም በዚያው አቋራጭ ይሄዳል፤ ለእርሱ ትዝ የሚል ጎርፍ ስለሌለ ጎርፍ የሌለ ይመስለዋል።

ደቻቱ ደግሞ ዓይንን የሚያታልል ወንዝ ነው። የዓመቱን ብዙ ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ጎርፉን የሚያመጣው በከተማው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከደቡብ በኩል በደንገጎና በአካባቢው ደጋ ላይ የሚጥለው ስለሆነ፣ በከተማው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውኃ ሊመጣ ይችላል። በዓይን የሚታየውን ብቻ ይዞ ስለ ደቻቱ የሚፈርድ ሰው፣ የፍርዱ ዋና ማስረጃ ከከተማው ውጭ መሆኑን ይረሳል።

በቤታችሁ ክርክር ውስጥ “ያኔም ጎርፍ እንደሚመጣ የታወቀ ነበር” የሚል ንግግር ከተነሣ ተጠንቀቁ። ባሩክ ፊሽሆፍ የተባለው ተመራማሪና ባልደረባው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ቤጂንግና ወደ ሞስኮ ከመሄዳቸው በፊት ሰዎች ምን እንደሚከሰት እንዲገምቱ አድርገው፣ ከጉዞው በኋላ ደግሞ ቀድሞ የሰጡትን ግምት እንዲያስታውሱ ጠየቋቸው። ሰዎቹ የተፈጸመውን ነገር አስቀድመው ከገመቱት በላይ ገምተው እንደነበር አድርገው አስታወሱ። ነገር ከሆነ በኋላ ሁሉም ግልጽ ይመስላል፤ በዚህ ምክንያትም የጎርፉን ሰለባዎች “እያወቁ ተቀመጡ” ብሎ መውቀስ ይመጣል። ይህ ለሟቾቹ ፍትሐዊ አይደለም፤ ለእርስዎም ውሳኔ አይጠቅምም።

የሚጠቅመው በአባትዎ ትዝታና በወንድምዎ ልምድ መካከል መምረጥ ሳይሆን ከሁለቱም ውጭ መጠየቅ ነው። ከ1998 በፊትና በኋላ ውኃው ሱቁ አጠገብ እስከ የት ደርሶ እንደነበር በዚያ ረዥም ዘመን የኖሩትን ጎረቤቶች፣ የጎርፉን ስጋት የሚያምኑትንም የሚክዱትንም፣ ይጠይቁ። የመከላከያ ግንቡ በዚያ በኩል መኖሩንና መጠኑን ሄደው ይዩ፤ ከከተማው አስተዳደርም ቦታው ለጎርፍ ተጋላጭ ተብሎ የተለየ መሆን አለመሆኑን ያጣሩ። ኪራዩ የረከሰበትን ምክንያትም አከራዩን ሳይፈሩ ይጠይቁ። ደግሞም ሁለት ጥያቄዎችን አይቀላቅሉ፤ ዕቃ ማጣትና ሕይወት ማጣት የሚወራረዱ አይደሉም። ያ ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነበርና፣ ሱቁን ቢከራዩ እንኳ ማንም እዚያ እንዳያድር እናሳስባለን። አባትዎ ስለ ጎርፉ ብዛት ሊያጋንኑ ይችላሉ፤ ስለ ክብደቱ ግን ከወንድምዎ የተሻለ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሱቅ አለኝ፣ ሠራተኞችም እቀጥራለሁ። ሌሎች ከተሞች ስለ አድልዎ ይነጋገሩ፤ ድሬ ግን የፍቅር አገር ናት፤ ከየት መጣህ፣ ዘርህ ምንድን ነው አንባባልም። ሠራተኛ የምቀጥረውም በማምነው ሰው ምስክርነት ብቻ ነው። ይህ ጉዳይ እኛን ይመለከተናል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በከተማዎ መኩራትዎ ተገቢ ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር ስትመሠረት ጀምሮ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ አብረው የነገዱባት ከተማ ናት፤ ጎረቤቷ ሐረርም በመቻቻሏ የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት ተቀብላለች። ነገር ግን አለማዳላታችንን የሚያረጋግጠው ስለ ራሳችን ያለን እምነት ሊሆን አይችልም። ኤሚሊ ፕሮኒንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ስለ ልዩ ልዩ ዝንፈቶች ከተነገራቸው በኋላ እነዚህ ዝንፈቶች ከራሳቸው ይልቅ በሌሎች ሰዎች ላይ ይበረታሉ ብለው ፈርደዋል። ሁሉም ከአማካዩ የተሻለ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው።

ሌላም እንጨምርልዎት። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ ሁለት ተመራማሪዎች በቦስተንና በቺካጎ በወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎችን ላኩ። ማመልከቻዎቹ በችሎታና በልምድ አቻ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ በነጮች ዘንድ የተለመደ፣ ሌሎቹ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመደ ስም ተሰጥቷቸው ነበር። የነጭ ስም የያዙት 50 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው የጥሪ መልስ አገኙ። ከሁሉም ሊያሳስበን የሚገባው፣ በማስታወቂያቸው ላይ “ለሁሉም እኩል ዕድል እንሰጣለን” ብለው የጻፉት ድርጅቶች ካልጻፉት የተሻሉ ሆነው አለመገኘታቸው ነው።

በእርስዎ ሱቅ ግን ጥላቻ መኖር አያስፈልገውም። በሚያምኑት ሰው ምስክርነት ሲቀጥሩ፣ መስካሪው የሚያውቀው የራሱን ሰፈር ልጆች፣ የራሱን ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ አብረውት የሚሰግዱትን ወይም የሚያስቀድሱትን ነው። እርሱም አላዳላም፣ እርስዎም አላዳሉም፤ ነገር ግን ከዚያ ክበብ ውጭ ያለች ብቁ ልጅ የሱቅዎን በር ሳታውቀው ትቀራለች። በሥራ ላይ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ልዩነት ማድረግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይከለክላል፤ ከክበብ ውጭ መቅረትን ግን ሕግ በቀላሉ አያየውም፤ ሊያየው የሚችለው ባለሱቁ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሱቁን ከዘጉ በኋላ ይህን ያድርጉ። እስከ ዛሬ የቀጠሯቸውንና በዱቤ ዕቃ የሰጧቸውን ሰዎች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሰፈሩን፣ በቤት ውስጥ የሚናገረውን ቋንቋና ያስተዋወቀዎትን ሰው ያስፍሩ። ዝርዝሩ በየቀኑ በሱቅዎ ደጃፍ የሚያልፈውን የድሬ ሕዝብ የሚመስል ከሆነ ያሉት ትክክል ነው። በሁለትና በሦስት ሰዎች ስም ዙሪያ የተሰበሰበ ሆኖ ካገኙት ግን፣ ለሚቀጥለው ክፍት የሥራ ቦታ በሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ይለጥፉ፣ ለሚመጡት ሁሉ አስቀድመው የጻፏቸውን እነዚያኑ ጥያቄዎች ይጠይቁ፣ የሁሉንም መልስ ከጻፉ በኋላ ብቻ ማን ልኮህ መጣህ ይበሉ።